ቢግል ክልስ ወይስ ባሴት ክልስ? ለመሃል አዲስ አበባ ቤት የሚስማማውን የፑድል ድቅል መምረጥ

የውሻ ሻጭ «የፑድል ክልስ ነው፣ ፀጉሩን አያራግፍም» ሲል ገዢ ፀጉሩን እየዳሰሰ ዋጋ መነጋገር ይጀምራል። ፀጉር ግን በማበጠሪያና በቶንዶስ የሚያልቅ ጣጣ ነው። ከጎረቤት የሚያጣላው ጩኸትና ሐኪም ቤት የሚያመላልሰው ወገብ በአብዛኛው የሚመጡት ከፑድሉ ሳይሆን ከአዳኙ ወላጅ፣ ከቢግሉ ወይም ከባሴቱ ነው። ስለዚህ ቢግልና ባሴት ሃውንድ የተባሉት አዳኝ ውሾች ጠጉረ ጥቅልሉ ፑድል ጋር ሲዳቀሉ የሚወለዱትን ክልሶች ጎን ለጎን ስናይ ፀጉሩን ወደ ኋላ እናቆየዋለን።

መጠን

ንጹሕ ቢግል እስከ ትከሻው ከ33 እስከ 41 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ከ9 እስከ 14 ኪሎ ነው። ባሴት ቁመቱ ከ38 ሴንቲ ሜትር ባይበልጥም ከ18 እስከ 29 ኪሎ ይመዝናል፤ ሶፋ ሥር የሚገባ፣ ግን አንስተው የማይሸከሙት ውሻ ነው። ፑድሉ ደግሞ ቶይ፣ ሚኒየቸርና ስታንዳርድ ተብሎ በቁመት ይለያል፤ ሚኒየቸር እስከ 38 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ከዚያ በላይ ያለው ስታንዳርድ ይባላል። ስለዚህ «አባቱ ፑድል ነው» የሚለው መልስ ብቻውን አይበቃም፤ የትኛው ፑድል እንደሆነ ጠይቁ። የቢግልና የሚኒየቸር ክልስ ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 13 ኪሎ ይሆናል። ባሴት ከስታንዳርድ ሲዳቀል ግን 20 ኪሎና ከዚያ በላይ ጠብቁ።

«ፑግል» በሚለው ስምም ተጠንቀቁ። አንዳንዱ የቢግልና የፑድል ክልስን፣ አንዳንዱ የቢግልና የፐግ (ፊተ ጠፍጣፋው ትንሽ ውሻ) ክልስን እንዲህ ይጠራል።

ደረጃና ወገብ

ሊፍት በሌለው ጂ+4 ኮንዶሚኒየም ከአራተኛ ፎቅ ውሻ ለመጸዳዳት በቀን ሦስትና አራት ጊዜ ይወርዳል፣ ይወጣል። ለቢግል ክልስ ይህ ስፖርት ነው። ለባሴት ክልስ ግን አደጋ አለው። የባሴትን እግር የሚያሳጥረው የዘር ባሕርይ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለውን ትራስ መሰል ዲስክ ያለ ዕድሜው ያደርቀዋል፤ የደረቀ ዲስክ ይፈነዳና ነርቩን ይጫናል። ቢግልም ከዚህ ነፃ አይደለም፤ ረጅም ወገብ በአጭር እግር ላይ የተሸከመውና ብዙ ክብደት ያለው ግን ይብሳል።

ምልክቱን ማወቅ ይጠቅማል። ውሻው እንደ ወትሮው ሶፋ ላይ መውጣት ይተዋል፤ ጀርባውን ይቆለምማል፤ ሲያነሱት ይጮኻል። የኋላ እግሩ ከተንገዳገደ ወይም ከተጎተተ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይድረስ፤ «እስከ ነገ እንየው» የሚባልበት ጊዜ አይደለም። ሲያነሱት አንድ እጅ ከደረቱ፣ ሌላው ከታፋው ሥር ሆኖ ጀርባው እንደ ጠረጴዛ ቀጥ ይበል። በብብት ብቻ ማንጠልጠል ልጆች የሚያዘወትሩት ስህተት ነው።

ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ ለሚኖር ሰው ባሴት ክልስ አንመክርም። ለምድር ቤትና ግቢ ላለው ግን ጥሩ ነው። በቀን ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ቀስ ያለ ጉዞ ይበቃዋል። ቢግል ክልስ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይፈልጋል።

ድምፅና አፍንጫ

ቢግል የተፈጠረው ጥንቸል እያሳደደ፣ በሩቅ ላለ አዳኝ «እዚህ ነኝ» እያለ እንዲጮህ ነው። ያ ረጅም ጩኸት በቀጭን የብሎኬት ግድግዳ ያልፋል። ሌሊት የሰፈር ውሾች ሲጀምሩ የእናንተውም ይቀበላቸዋል። ባሴትም ድምፁ ወፍራም ነው፣ ግን ቶሎ አይነሳሳም። ሙሉ ቀን ቤቱ ባዶ ሆኖ የሚውል ከሆነ ቢግል ክልስ አይሁንላችሁ፤ ብቻውን ሲውል የሚጮኸው እሱ ነው፣ የፑድሉ ሰው ወዳድነትም ነገሩን ያባብሰዋል።

ጩኸቱን በቁጣ ማጥፋት አይቻልም፤ አፍንጫውን ማድከም ግን ይቻላል። ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ከዕለት ደረቅ ምግቡ 20 ፍሬ ያህል በአሮጌ ፎጣ ጠቅልላችሁ ስጡት፤ እያሸተተ ሲፈታ ይደክማል። ሁለቱም ክልሶች ሽታ ከያዙ ስማቸውን ቢጠሯቸው አይሰሙም። ጃንሜዳ ሰፊ ነው ብላችሁ አትልቀቋቸው፤ 10 ሜትር ገመድ ከደረት ቀበቶ ጋር ያዙ። የግቢ በር ሥር ያለውን ክፍተትም ድፈኑ።

ፀጉርና ጆሮ

እዚህ ላይ ልዩነታቸው ትንሽ ነው። ሁለቱም በሳምንት ሦስት ጊዜ በሽቦ ብሩሽ፣ ቀጥሎ እስከ ቆዳው በሚደርስ ማበጠሪያ ይበጠሩ፤ በየ6 እስከ 8 ሳምንቱ ይቆረጡ። የተቋጠረ ፀጉር ሳይፈታ ውሻውን አትጠቡት፤ ውሃ ሲነካው ቋጠሮው ይጠብቅና ምላጭ ካልገባበት አይለቅም። በክረምት ብብቱንና የጆሮውን ሥር ፈትሹ፣ ጭቃውና እርጥበቱ የሚጠራቀመው እዚያ ነው። አለርጂ ላለበት ሰው «አያስነጥስም» የሚል ዋስትና ግን ማንም ሊሰጥ አይችልም።

ባሴት ክልስ በጆሮው ይጎዳል። የተንጠለጠለ ረጅም ጆሮ ላይ የፑድል ጠጉራም የጆሮ ቀዳዳ ሲጨመር አየር አይገባም። በሳምንት አንድ ቀን ገልጣችሁ አሽቱት፤ የኮመጠጠ ሽታና ቡናማ ኩክ ካለ ሐኪም ይየው። በጥጥ እንጨት አትጎርጉሩ፣ ቆሻሻውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል።

ምግብ

ያልተለመደ እንቅስቃሴ የሌለው 12 ኪሎ ውሻ በቀን 200 ግራም ገደማ ደረቅ ምግብ ይበቃዋል፤ ይህ በወር 6 ኪሎ ነው። 20 ኪሎ የሚመዝን ከ250 እስከ 280 ግራም ይበላል፣ በወር 8 ኪሎ ያህል። ሁለቱም አዳኞች ሆዳሞች ናቸው። ጎድናቸው በእጅ ሲዳሰስ ካልተገኘ ቀንሱ፤ ለባሴት እያንዳንዱ ትርፍ ኪሎ ወገቡ ላይ ነው የሚያርፈው።

የወጥ ትርፍራፊ አይሆንም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት በስለውም የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ። በሁዳዴ 55 ቀን ሥጋ ስለማይገባ ውሻው ሽሮ ይበላ ይባላል፤ ሽሮው ራሱ ከዱቄቱ ጀምሮ ነጭ ሽንኩርት ሊኖረው ይችላል። የተቀቀለ እንቁላልና ሩዝ ይሻላል። ከቄራ የሚመጣ ሳንባና ጉበት ጥሬውን አትስጡ፤ ውሃ የቋጠረ እብጠት ካለበት በውሻው አንጀት ኮሶ መሰል ጥቃቅን ትሎች ይሆናል፣ እንቁላላቸውም ወደ ልጆች ይተላለፋል። ቢያንስ 40 ደቂቃ ቀቅሉ።

በመግዣው ቀን

8 ሳምንት ያልሞላውን ቡችላ አትውሰዱ፤ እናቱንም እዩ። ክትባት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ተጀምሮ በየ3 እና 4 ሳምንቱ እስከ 16 ሳምንት ይቀጥላል፤ የእብድ ውሻ ክትባት በ3 ወሩ ይሰጣል። ፓርቮ የተባለው ቡችላ የሚገድል የተቅማጥ ቫይረስ አፈር ውስጥ ለወራት ስለሚቆይ ክትባቱ ሳያልቅ ሰፈር ውስጥ መሬት አታስረግጡት።

ከዚያ ፊቱን ተመልከቱ። ጢምና ቅንድብ የሚያወጣው የፑድል ዘር ባሕርይ ከአንድ ወላጅ ብቻ ቢወረስም ይታያል፤ ፑድል ከአዳኝ ጋር በቀጥታ ከተዳቀለ ቡችላው በ8 ሳምንቱ አፍንጫው ዙሪያ ጠጉር ማብቀል መጀመር አለበት። አፉ እንደ ቢግል ለስላሳና ጥርት ያለ ከሆነ ወይ ራሱ ክልስ ከሆነ ወላጅ የተወለደ ነው፣ ወይ ፑድሉ የለም። በመጀመሪያው ጉዳይ የሚያራግፍ ፀጉር ይጠብቃችኋል፤ በሁለተኛው ደግሞ የምትከፍሉት ለሌላ ውሻ ነው።