አክስቴ ጀርመን ልትሄድ ነው፦ ሁለት የጉዞ ኢንሹራንሶች ጎን ለጎን

አክስቴ ልጇን ልታርስ ጀርመን ልትሄድ ነው። ዕድሜዋ 68 ነው፣ ግፊት አለባት፣ በአውሮፕላን የሄደችው ከጅማ አዲስ አበባ ብቻ ነው። የኢንሹራንሱ ጣጣ እኔ ላይ ወደቀ። ከሁለት ቦታ ዋጋ አስወጣሁና ጅማ ፈረንጅ አራዳ አንድ ቡና ቤት ገብተን ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋናቸው። ስማቸውን ልተወውና ርካሹን «ሀ»፣ ወደድ ያለውን «ለ» ልበላቸው።

ኤምባሲው የሚፈልገውን ሁለቱም ያሟላሉ። ለሸንገን ቪዛ፣ ማለትም ጀርመንን ጨምሮ ብዙ የአውሮፓ አገሮችን ለሚያስገባው ቪዛ፣ ሽፋኑ ቢያንስ 30,000 ዩሮ መሆን አለበት። ድንገተኛ ሕክምናን፣ ሆስፒታል መተኛትን፣ በሕመምም ሆነ በሞት ወደ አገር መመለስን መያዝ አለበት። በሁሉም የሸንገን አገሮች መሥራትና የቆይታውን ቀናት በሙሉ መሸፈንም ግድ ነው። «ሀ» ልክ 30,000 ላይ ቆሟል። «ለ» 50,000 ይላል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ «ቪዛው ካለፈ ምን ቸገረኝ» ብሎ ርካሹን ይገዛል። እኔም ልገዛ ነበር። ያስቆመኝ ከኋላ ያለው ገጽ ነው፤ «የማይሸፈኑ ሁኔታዎች» የሚለው፣ ፊደሉ እንደ ጤፍ የደቀቀው።

«ሀ» ከጉዞው በፊት የነበረ ሕመምን፣ መዘዙንም ጭምር፣ አልከፍልም ይላል። አክስቴ እዚያ ግፊቷ ተነስቶ ሆስፒታል ብትገባ ወጪው የልጇ ነው ማለት ነው፤ ያውም የአራስ። «ለ»ም ነባር ሕመምን አይሸፍንም። ግን አንዲት አንቀጽ ጨምሯል፦ ሕመሙ ድንገት ተነስቶ ለሕይወት የሚያሰጋ ከሆነ፣ እስክትረጋጋ ያለውን ሕክምና እስከተወሰነ ገንዘብ ድረስ ይከፍላል። የዋጋው ልዩነት ያለው እዚህች አንቀጽ ውስጥ ነው። ታዲያ ቅጹ ላይ ግፊቱን መደበቅ አይገባም። «የለብኝም በይ፣ ይቀንስልሻል» የሚል መካሪ አይጠፋም። ካሳ ሲጠየቅ ግን የሕክምና መዝገብ ይታያል፤ ያኔ የተደበቀው ነገር ካሳውን ይዞ ይሄዳል።

ቀጥሎ ኤክሰስ የሚሉት አለ። ከእያንዳንዱ ወጪ ላይ መጀመሪያ ከራስ ኪስ የሚከፈለው ነው። «ሀ» 100 ዩሮ ይላል፣ «ለ» ምንም። ለምሳሌ አክስቴ ጥርሷን ብትታመምና ሐኪሙ 80 ዩሮ ቢያስከፍላት፣ በ«ሀ» አንድ ሳንቲም አታገኝም።

ገንዘቡን ማን ቀድሞ ይከፍላል የሚለው ደግሞ ከሽፋኑ መጠን በላይ ያሳስበኛል። በ«ሀ» ራስሽ ትከፍያለሽ፣ ደረሰኝ ትሰበስቢያለሽ፣ ጅማ ስትመለሺ ካሳ ትጠይቂያለሽ። በ«ለ» 24 ሰዓት የሚሠራ ስልክ አለ፤ ሆስፒታል ከመተኛትሽ በፊት ከተደወለ ሒሳቡን እነሱ ከሆስፒታሉ ጋር ይጨርሳሉ። ሳይደወል ከተገባ ግን ሊያከራክሩ ይችላሉ። እዚያው ቡናችንን እየጠጣን ወረቀቶቹ ላይ ያሉትን ቁጥሮች ደወልኩ። የ«ለ» በሁለተኛው ጥሪ ተነሳ። የ«ሀ» ጠርቶ ጠርቶ ዘጋ፣ ደግሜ ስሞክርም ያው። የአክስቴ አፋን ኦሮሞና አማርኛ ፍራንክፈርት ላይ ብዙ ስለማያስኬዳት ቁጥሩን ለልጇም ላክንላት።

«ሀ» የሚበልጥበትም አለ። ቪዛው ቢከለከል የእምቢታውን ደብዳቤ አይቶ ትንሽ የአገልግሎት ክፍያ ብቻ ቀንሶ ዓረቦኑን፣ ማለትም ለኢንሹራንሱ የተከፈለውን ብር፣ ይመልሳል። «ለ» ቀን ይቀይራል እንጂ ብር አይመልስም። ጤነኛ ወጣት ብሆንና ቪዛውን ብጠራጠር ኖሮ «ሀ»ን እመርጥ ነበር።

የሻንጣ ሽፋን ላይ ብዙ አትጨነቁ። አየር መንገዱ ራሱ በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ሻንጣ ቢያጠፋ ይጠየቃል፤ ጣሪያው ከታኅሣሥ 2017 ወዲህ ለአንድ መንገደኛ 1,519 ኤስዲአር ነው፣ በዓለም ገንዘብ ድርጅት መቁጠሪያ። ከኤርፖርቱ ሳይወጡ ማስመዝገብ ብቻ ነው። በነገራችን ላይ አክስቴ ለገንፎው ብላ ያነጠረችውን ቅቤ የትኛውም ኢንሹራንስ አይሸፍነውም። አውሮፓ ኅብረት የወተት ውጤት በመንገደኛ ሻንጣ አያስገባም፣ እዚያው ይወረሳል።

ሁሉም ተጓዥ እንደ አክስቴ አይደለም። ጎረቤታችን ቡና ነጋዴ ነው፣ በዓመት አራት አምስቴ ዱባይ ይመላለሳል፤ ለሱ በየጉዞው ከመግዛት የዓመቱ ይሻለዋል። አንዱ ጉዞ ከስንት ቀን መብለጥ እንደሌለበት ግን ይጠይቅ። ዑምራ የሚሄዱ ደግሞ የቪዛው ክፍያ ውስጥ የሕክምና ኢንሹራንስ አለና ሌላ ከመግዛታቸው በፊት ያንን ይዩ። አሜሪካ የሚሄድ ሰው «መላው ዓለም» የሚለውን ብቻ አይቶ አይግዛ፤ «ከአሜሪካና ካናዳ በስተቀር» የሚል ሐረግ ከሥሩ ሊኖር ይችላል። ሕክምናው ደግሞ እዚያ ነው የሚያስደነግጠው።

ብር ከመክፈላችሁ በፊት ስሙን ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩ። ባለፈው የእኔ ወረቀት ላይ በአያቴ ስም ውስጥ አንድ ፊደል ተገድፋ ነበር። ከጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዤ አዲስ አበባ የቪዛ መስኮቱ ላይ ደርሼ ነው የመለሱኝ። ቀኑም በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን እዩ።

«ለ»ን ገዛንላት። ስልኩን በወፍራም እስክሪብቶ ጽፌ ፓስፖርቷ ሽፋን ውስጥ ሸጎጥኩት። እሷ ግን እስካሁን የምትከራከረኝ ስለ ቅቤው ነው።