ለጎልፍ ጀማሪ የትኛው ጫማ? ባለ ጥርሱ፣ ጥርስ አልባው ወይስ ቤት ያለው ስኒከር፦ ከድሬና ከሐረር ሆነን ስናወዳድር

ጎልፍ ልጀምር ያለ ሰው መጀመሪያ የሚያስጨንቀው የዱላው ነገር ነው። ዱላ ግን ይዋሳሉ፣ ይከራያሉ። ሕጉ እስከ 14 ዱላ መያዝ ይፈቅዳል፤ ጀማሪ ግን በአንድ ባለ 7 ቁጥር አይረን (ራሱ ብረት የሆነ የመካከለኛ ርቀት ዱላ) እና በአንድ ፓተር (ኳሷን ወደ ጉድጓዱ የሚያንከባልሉበት ዱላ) ብዙ ወራት ይገፋል። ጫማ የራስ ነው። ኪሳችሁን መንካት ካለባችሁ መጀመሪያ ለጫማው ይሁን።

ችግሩ፣ ስለ ጎልፍ ጫማ የሚሰጠው ምክር በአብዛኛው በጤዛ የራሰ ለምለም ሣር ላይ ለሚጫወት ሰው የታሰበ ነው። የድሬ ወይም የሐረር ጀማሪ የት ነው የሚለማመደው? የኳስ ሜዳ ጥግ ላይ፣ ሰፋ ያለ ግቢ ውስጥ፣ አሸዋማ ቦታ ላይ። የሣሩ ሜዳ ብዙ ጊዜ የሚገጥመው ለሥራ ወይም ለዘመድ ጥየቃ አዲስ አበባ ሲወጣ ነው። ስለዚህ እዚህ የማወዳድረው እግራችሁ ብዙ ሰዓት የሚቆምበትን መሬት እያየሁ ነው።

ጫማው ምን ሥራ አለው?

በቀኝ እጁ የሚጫወት ሰው ዱላውን ወደ ኋላ ሲያነሳ ክብደቱ ወደ ቀኝ እግሩ ይሄዳል። ሲመታ ቀኙ መሬቱን ይገፋል፣ ክብደቱ ወደ ግራ ይሻገራል፣ ወገብ ይዞራል። ያን ሁሉ ዞሮ የሚሸከመው ግራ እግር ነው። በዚያች ቅጽበት ጫማው ትንሽ ከተንሸራተተ የዱላው ፊት ይዛነፋል፣ ኳሷም ወደማይፈለግ ጎን ትሄዳለች። ጀማሪ እጁን ይወቅሳል። እግሩን የሚያይ ጥቂት ነው።

እንግዲህ ከጫማው የምንፈልገው መሬት እንዲይዝና እግር ወደ ጎን እንዳይጋደም ነው። መራመዱም አለ። የሙሉ ጨዋታውን 18 ጉድጓድ በእግሩ የሚዞር ሰው ከ8 እስከ 10 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፣ አራት ሰዓትና ከዚያ በላይም ይፈጅበታል። ሱቅ ውስጥ ምቹ የመሰለ ጫማ ሦስተኛው ሰዓት ላይ ሌላ ጠባይ ያወጣል።

ባለ ጥርሱ

ከሶሉ ስር እየተጠመዘዙ የሚገቡ የፕላስቲክ ጥርሶች አሉት። ድሮ ጥርሱ ብረት ነበር። ብረቱ ጉድጓዱ ያለበትን ያንን አጭር ሣር፣ ግሪኑን፣ እየቦጨቀ ስላስቸገረ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አብዛኞቹ ሜዳዎች ከልክለውታል። በሰልባጅ ክምር ውስጥ ባለ ብረቱ ከገጠማችሁ፣ ቆዳው የቱንም ያህል ቢያምር ተዉት።

እርጥብ ሣርና ዳገታማ ቦታ ላይ ባለ ጥርሱን የሚያህል የለም። ክረምት ላይ አዲስ አበባ ሄዶ ለሚጫወት ሰው ዋጋውን ያወጣል። ወደ እኛ መሬት ስታመጡት ነገሩ ይገለበጣል። ጥርሱ ሊሰምጥበት የሚችል ለስላሳ አፈር የለም። ክብደታችሁ በጥቂት ነጥቦች ላይ ያርፍና ውስጥ እግራችሁን ይቆረቁራችኋል። ኮብልስቶን ላይ ቶሎ ይበላል፣ ልሙጥ ሴራሚክ ላይ ደግሞ ያንሸራትታል። የጀጎልን ቁልቁል ቀጫጭን መንገዶች በሱ መውረድ አልመክርም! በቦርሳ ይዛችሁ ሄዳችሁ ሜዳው ዳር ነው የምትቀይሩት።

ሌላው የመለዋወጫው ጉዳይ ነው። ጥርሱ ሲያልቅ በመፍቻ ይፈታና አዲስ ይገባል። ግን የሁሉም ጫማ ጥርስ አገባብ አንድ ዓይነት አይደለም፤ የአንዱ ለሌላው ላይሆን ይችላል። መፍቻና ትርፍ ጥርስ ከጫማው ጋር አብሮ ካልመጣ ከውጭ የሚመጣ ሰው መጠበቅ ሊሆን ነው። አሸዋው ደግሞ ጥርሱ ዙሪያ ይገባና ያጣብቀዋል። ተጫውታችሁ ስትመለሱ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ጠረግ አድርጉት።

ጥርስ አልባው

ይሄኛው የሚነቀል ነገር የለውም። ሶሉ ራሱ ብዙ ትንንሽ የጎማ እብጠቶች አሉት። ከላይ ሲታይ ተራ ስኒከር ይመስላል። ይህ ዓይነት ጫማ የብዙ ሰው ዓይን የገባው በ2010 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊው ጎልፍ ተጫዋች ፍሬድ ከፕልስ በታላቁ የማስተርስ ውድድር ላይ ኤኮ የተባለውን ኩባንያ ጥርስ አልባ ጫማ አድርጎ ከታየ ወዲህ ነው። አሁን ፉትጆይም፣ አዲዳስም፣ ናይኪም፣ ስኬቸርስም ይሠሩታል።

ለኛ ሰው ትልቁ ጥቅሙ ይሄ ነው፦ ከቤት አድርጋችሁት ትወጣላችሁ፣ ባጃጅ ትሳፈራላችሁ፣ ትለማመዳላችሁ፣ ከዚያ በዚያው በድሬው ከዚራ ሰፈር ጥላ ስር ሻይ ትጠጣላችሁ። ደረቅ መሬት ላይ ክብደቱን በብዙ ነጥብ ስለሚያከፋፍለው አይቆረቁርም። ግሪንም አይጎዳም። ሶሉ ዝቅና ጠፍጣፋ ስለሆነ እግር ሳይወላገድ ይቆማል።

ጉድለትም አለው። እብጠቶቹ ካለቁ አለቁ፤ የሚቀየር ነገር የለም። በየቀኑ ለመንገድ ካደረጋችሁት ደግሞ አስፋልቱ ይጨርሳቸዋል። ጭቃ ላይ በመካከላቸው አፈር ይሞላና ሶሉ ልሙጥ ይሆናል። ያገለገለ ከሆነ የምትገዙት አውራ ጣት ስር ያለውን ቦታ በጣታችሁ ዳስሱ። መጀመሪያ የሚያልቀው እዚያ ነው።

ቤት ያለው ስኒከር

አቦ፣ መጀመሪያ ያላችሁን ሞክሩ! ጠፍጣፋ ሶል ያለው ሸራ ጫማ ወይም የቆዳ ስኒከር ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይበቃል። ሸራው ድጋፉ ትንሽ ነው፣ ረጅም መንገድ ላይ ያደክማል። ለግማሽ ሰዓት ልምምድ ግን ምንም አይልም።

መጠንቀቅ ያለባችሁ ከሩጫ ጫማ ነው። ተረከዙ ከፍ ያለ፣ ስፖንጁ ወፍራምና ለስላሳ የሆነው ማለቴ ነው። ለሩጫ ድንቅ ነው፤ ወደ ፊት ለሚሄድ እግር ታስቦ የተሠራ ነዋ። ጎልፍ ላይ ግን ኃይሉ ወደ ጎን ነው። ስፖንጁ ይሰምጣል፣ ቁርጭምጭሚት ይጋደማል። ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ፦ ጫማውን አድርጋችሁ በአንድ እግር ቁሙና ወገባችሁን ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ከወዛወዛችሁ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

የኳስ ታኬታስ? አይሆንም። ረጅሙ ጥርስ ግሪኑን ይበሳል፣ ሜዳው በርም ላይ ሊመልሷችሁ ይችላሉ። ስለ ነጠላ ጫማና ሰንደል አላወራም።

ድሬ ሌላ፣ ሐረር ሌላ

ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ነች። ሐረር ወደ 1,900 ይጠጋል። ደንገጎን ወጥቶ የሚያልፍ ሰው ልዩነቱን በቆዳው ያውቀዋል፤ እግርም ያውቀዋል። ለድሬ የላይኛው ክፍሉ ወንፊት መሳይ ጨርቅ የሆነ፣ አየር የሚያስገባ ጫማ ነው የሚሻለው። አቧራ ያስገባል፣ እውነት ነው፤ ግን ይራገፋል። ውሃ እንዳያስገባ ተብሎ ውስጡ ስስ ሽፋን ያለበት ጫማ ላብንም ያፍናል። ድሬ ላይ ለእንዲህ ያለው ጫማ ተጨማሪ ብር መክፈል ትርጉሙ አይታየኝም። ለሐረር ሰው፣ በተለይ ሐምሌና ነሐሴ ላይ በጠዋት ሣር ለሚረግጥ፣ ቆዳው ወይም ውሃ የማያስገባው ያዋጣል።

እሾህንም አትርሱ። የግራር እሾህ ቀጭን ሶልን አልፎ ይገባል። ዛፍ ስር ወይም ቁጥቋጦ ዳር የምትለማመዱ ከሆነ ሶሉን በአውራ ጣታችሁ ተጫኑት። በቀላሉ ከሰረጎደ ሌላ ምረጡ።

ስትገዙ

የድሬን ገበያዎች፣ ታይዋን፣ ቀፊራ፣ አሸዋ እየዞራችሁ ስትፈልጉ በምርቱ ስም ብቻ አትሳቡ። ተረከዙን ያዙና ጫፉን እጠፉት፤ ጣት በሚታጠፍበት ቦታ ይታጠፍ እንጂ መሃሉ ላይ አይሰበር። ሶሉና ቆዳው የተጣበቁበትን መስመር ዙሪያውን እዩ። ሙቀት ማስቲሽን ያላቅቃል። ሰልባጅ ውስጥ አንድ አታላይ ነገር አለ፦ ከላዩ ንጹሕ፣ እግር ያልገባበት የሚመስል ግን ብዙ ዓመት የተቀመጠ ጫማ። የአንዳንዱ ስፖንጅ ከእርጥበት ብዛት በእርጅና ይበሰብስና ሁለት ጊዜ ሲራመዱበት እንደ ደረቅ ዳቦ ይፈረፈራል። ተረከዙን በጥፍራችሁ ጫን አድርጉት፤ ከተፈረፈረ ርካሽም ቢሆን አትውሰዱት።

ልክ ለማየት ከሰዓት በኋላ ሂዱ። እግር በሙቀትና በመዋል ያብጣል። የምትለማመዱበትን ካልሲ አድርጋችሁ ሞክሩ። ተረከዝ መላወስ የለበትም፣ ከፊት ግን ጣት የሚላወስበት ትንሽ ቦታ ይቅር። ውጭ ያለ ዘመድ የሚልክላችሁ ከሆነ ቁጥር ብቻ አትንገሩት፤ የአሜሪካውና የአውሮፓው ይለያያል። ወረቀት ላይ ቁሙ፣ ዙሪያውን በእስክሪብቶ አስምሩ፣ ርዝመቱንም ስፋቱንም በሴንቲ ሜትር ላኩለት።

ጫማው ከተገኘ በኋላ

ድሬ ላይ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል ጥሩ ነው፤ ከዚያ በኋላ ፀሐዩ ጨዋታውን ይወስደዋል። እግራችሁን በትከሻችሁ ስፋት ክፈቱ፣ ጉልበት ትንሽ ይታጠፍ፣ ዱላውን አትጨብጡት፣ ያዙት። በሙሉ ኃይል መምታቱ ይቆይ። ዱላውን እስከ ወገብ ብቻ እያነሳችሁ አጫጭር ምቶችን ልመዱ። ከመታችሁ በኋላ ሰውነታችሁ ወደ ዒላማው ዞሮ በግራ እግራችሁ ላይ ጸጥ ብላችሁ ለሦስት ሰከንድ መቆም ሞክሩ። ካቃታችሁ ወይ በኃይል መታችኋል ወይ ጫማው ከድቷችኋል።

ሌላ ዘዴ፣ ባዶ እግር ነው። ታላቁ አሜሪካዊ ጎልፍ ተጫዋች ሳም ስኒድ ሚዛን ለመጠበቅ በባዶ እግሩ ይለማመድ ነበር። ጫማ ሳታደርጉ ቀስ ብላችሁ ስትመቱ እግር የሚሠራው ስህተት ወዲያው ይታወቃችኋል። ግን ቤት ውስጥ ወይም በተጠረገ ግቢ። እሾሁን ነግሬያችኋለሁ።

ሣር በማይበቅልባቸው የበረሃ አገሮች ተጫዋቾች ቁራጭ ሰው ሠራሽ ሣር ይዘው ይዞራሉ፤ ኳሷን እሱ ላይ አስቀምጠው ይመታሉ። እናንተም እንዲሁ አድርጉ፣ ዱላው ከጠጠር ይድናል። ልጆች ባሉበት ሜዳ ግን የፕላስቲኳን ኳስ ብቻ ተጠቀሙ። እውነተኛዋ 46 ግራም ገደማ ብትሆንም ሰው ላይ ካረፈች ትጎዳለች።

የኔ ምርጫ

ገና ይወደው አይወደው ያላወቀ ሰው ጠፍጣፋ ስኒከሩን ይዞ ይጀምር። ወር ሁለት ወር አልፎ ከቀጠለ ጥርስ አልባውን ይግዛ፤ ለድሬ ወንፊቱን፣ ለሐረር ቆዳውን። አንድ ጫማ ብቻ የመግዛት አቅም ላለው ሰው ከዚህ ውጪ አልመክርም። ባለ ጥርሱ ሁለተኛ ጫማ ነው፦ አዲስ አበባ በየጊዜው ለሚመላለስ፣ ክረምት ላይም ለሚጫወት።

የትኛውንም ብትገዙ ሶሉ በማስቲሽ ብቻ የተያዘ ከሆነ ሳይላቀቅ በፊት ጫማ ሰፊ ጋ ወስዳችሁ ዙሪያውን አሰፉት። ውሃ የማያስገባውን ግን አታሰፉት፤ መርፌው በበሳበት ውሃው ይገባል።