ምስጋና ለስድስት ኪሎው ሙዚየም አስጎብኚ

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስድስት ኪሎ ግቢ የሚገኘውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ለእናቴ፣ ለእህቴ ልጆችና ለእኔ ላስጎበኙን ባለሙያ ያለኝን ምስጋና በአደባባይ ለማቅረብ ይህን ጽሁፍ ጽፌአለሁ። ሳላስፈቅድ ስማቸውን መጥቀስ አልወደድኩም። ሆኖም ሥራቸውን እንዴት እንደሚሠሩ ዘርዘር አድርጌ ብገልጽ፣ የዕረፍት ቀኑን ከቤተሰቡ ጋር የት እንደሚያሳልፍ ለጨነቀው ሰው ጠቃሚ ጥቆማ ይሆናል ብዬ አምናለሁ።

ቤቱ ታሪክ የበዛበት ቤት ነው። ዩኒቨርሲቲ ከመሆኑ በፊት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት በዚሁ ግቢ ሲሆን፣ በ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር ታግተው ከነበሩት መኳንንትና ሹማምንት ብዙዎቹ የተረሸኑትም እዚያው ነው። እንዲህ ያለ ቦታ የሚያስጎበኝ ሰው ቀኑንና ስሙን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አራግፎ ወደ ቀጣዩ ክፍል ቢያልፍ አይፈረድበትም፤ በሌሎች ስፍራዎች የለመድነውም ይህንኑ ነው። የእኛ አስጎብኚ ግን ወደ ውስጥ ሳንገባ በፊት ሕንፃው ፊት ለፊት ወደቆመው፣ የትም ወደማያደርሰው ጠመዝማዛ ደረጃ ወሰዱንና ልጆቹን «ይህ ደረጃ ወዴት የሚያወጣ ይመስላችኋል?» ብለው ጠየቋቸው። ልጆቹ ግምታቸውን ደርድረው ከጨረሱ በኋላ ነው ነገሩን ያስረዱን። ደረጃውን ያቆሙት ፋሺስቶች ሲሆኑ፣ እያንዳንዱ እርከን ሙሶሎኒ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1922 ወደ ሮም ከዘመተበት ጊዜ ጀምሮ በሥልጣን ላይ የቆየበትን አንድ ዓመት ይወክላል። ከጫፉ ላይ ዛሬ የተቀመጠው ደግሞ የይሁዳ አንበሳ ነው። ታናሽየው እርከኖቹን መቁጠር ሲጀምር እስኪጨርስ ጠበቁት እንጂ አላጣደፉትም።

ከሁሉ በላይ ያከበርኩላቸው የሚታወቀውን ከሚወራው ለይተው መናገራቸውን ነው። በንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ቤት ውስጥ አንድ መስተዋት አለ፤ በላዩ ላይ ያለችውን ቀዳዳ የጥይት ናት፣ እርሷም ከታኅሣሥ ግርግር የተረፈች ናት የሚሉ አሉ። እኔም ከዚያ በፊት እንደ ተረጋገጠ ነገር ሰምቼው ስለነበር ለልጆቹ ልነግራቸው አፌን ስከፍት፣ እሳቸው ቀድመው «ይህ እንግዲህ የሚነገር ነው፤ ግርግሩ መኖሩን መዝገብ ይመሰክራል፣ የቀዳዳዋን ነገር ግን ሰው ሲለው የሰማነው ነው» አሉ። ጎብኚ የሚወደው እንዲህ ያለውን ወሬ መሆኑን እያወቁ አጋንኖ ለመናገር አለመፈለጋቸው፣ ከዚያ በኋላ የነገሩንን ሁሉ ያለ ጥርጣሬ እንድንቀበል አድርጎናል።

ዋናው የባህል ዐውደ ርእይ የተደራጀው በብሔረሰብ ወይም በክልል ሳይሆን በሰው ልጅ የሕይወት ጉዞ፣ ማለትም በልጅነት፣ በጉልምስናና በሞት ቅደም ተከተል ነው። በበኩሌ ከዚህ የተሻለ አደረጃጀት ይገኛል ብዬ አላስብም፤ የአንዱ አካባቢ የልደት ሥርዐት ከሌላው ጎን ሲታይ መመሳሰሉም ልዩነቱም ያለ አስረጅ ይገለጣል። አስጎብኚያችንም ይህን ስለሚያውቁ ይመስለኛል፣ በዚህ ክፍል ብዙም ሳይናገሩ በራሳችን እንድንዘዋወር ለቀቁን።

ጊዜ ሰጥተው ያስረዱን በቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ክፍል ነው። ልጆቹን ከአንድ ሥዕል ፊት አቁመው የሰዎቹን ዓይን ብቻ እንዲመለከቱ ነገሯቸው። በቀደመው የኢትዮጵያ የአሣሣል ወግ ቅዱሳን ፊት ለፊት፣ ሁለት ዓይናቸው እየታየ ይሣላሉ፤ ክፉዎች ደግሞ በጎን፣ በአንድ ዓይን ብቻ ይታያሉ። ልጆቹ ይህን እንደ ሰሙ ከሥዕል ወደ ሥዕል እየሮጡ «ይህ ክፉ ነው፣ ይህ ጥሩ ነው» እያሉ መለየት ጀመሩ። ትልቅየዋ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ ሆኖ ከእመቤታችን ሥዕል አጠገብ ለምን ደጋግሞ እንደሚገኝ ጠየቀች፤ ጥያቄዋም እንደ ትልቅ ሰው ጥያቄ ሙሉ መልስ ተሰጠው። ሥዕል ሲባል የሚሰላቹ ልጆች ከአንድ ክፍል አልወጣም ብለው ሲያስቸግሩ ያየሁት ያን ዕለት ነው።

የሙዚቃ መሣሪያዎቹ ክፍል ደግሞ የእናቴ ነበር። አስጎብኚያችን በገና ዐሥር አውታር እንዳለው፣ ማሲንቆ ደግሞ ከፈረስ ጭራ በተሠራ አንድ አውታር ብቻ እንደሚመታ አስረድተው፣ የበገናው ድምፅ እንዲያ የሚነዝረው በአውታሩና በመቀመጫው መካከል በሚገባው ቁራጭ ቆዳ ምክንያት መሆኑን በጣታቸው እያመለከቱ ሲያሳዩን፣ እናቴ በልጅነታቸው በዐቢይ ጾም በገና ይደረድሩ የነበሩ አጎታቸው ቆዳውን እየደጋገሙ ያስተካክሉ እንደነበር ጣልቃ ገብተው ተናገሩ። ሌላ ሰው ቢሆን ፈገግ ብሎ ያልፈው ነበር። እሳቸው ግን «እማማ፣ እስኪ እንዴት አድርገው ነበር የሚያስተካክሉት?» ብለው ጠይቀው፣ እናቴ የተናገሩትን ከኪሳቸው ባወጡት ማስታወሻ ላይ ጻፉ። እናቴ ከዚያ ወዲህ ሙዚየሙን የሚያነሱት እንደ ጎበኙት ቦታ ሳይሆን እንዳስተማሩበት ቦታ ነው።

ለመሄድ ላሰባችሁ፦ በግቢው በር ፍተሻ ስለሚኖር መታወቂያ ያዙ፤ መግቢያው ላይም አስጎብኚ እንደምትፈልጉ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ሕንፃው ደረጃ ስላለው ጉልበታቸው የደከመ አረጋውያንን ይዛችሁ ከሆነ ይህንንም ለአስጎብኚው ንገሩ፤ የእኛው አስጎብኚ እናቴ በየመሐሉ አረፍ እንዲሉ ፍጥነቱን በእናቴ ልክ አድርገውልናል። ሙዚየሙን በአንድ ሰዓት ጨርሼ እወጣለሁ የሚል ሰው የሥዕሉን ክፍል ሳያይ መመለሱ ስለማይቀር ግማሽ ቀን መመደብ ይሻላል። ልጆች ካሏችሁ ደግሞ ከላይ የጠቀስኩትን የዓይኖቹን ነገር አስቀድማችሁ አትንገሯቸው፤ ለአስጎብኚው ተዉለት።