«ሰደፉን እንዳታስነካው» ላሉኝ ባለሙያ

ይህን ምስጋና መጻፍ የነበረብኝ ከሁለት ወር በፊት ነው። ስንፍና ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። ሰሞኑን ግን አንድ ጓደኛዬ የወረሰውን አሮጌ ጠመንጃ «ትንሽ ላሳምረው» ሲል ሰማሁና ደነገጥኩ። እኔም ለጥቂት ነው የተረፍኩት።

ከአያቴ የቀረ ባለ ሁለት በርሜል የአደን ጠመንጃ አለኝ። በርሜሎቹ ጎን ለጎን ናቸው። መዶሻዎቹ እንደ ሁለት ጆሮ ከውጭ ቆመዋል። ነገረ ሥራው ሁሉ ግራ ነው። ሰደፉ ከአንገቱ ጀምሮ ወደ ቀኝ ያፈነግጣል፣ ያውም በጣም። መክፈቻው እንደ ሌሎቹ ከላይ በአውራ ጣት የሚገፋ ሳይሆን ከምላጩ ሥር የተኛ ረጅም ብረት ነው። በርሜሎቹ ላይ ደግሞ እባብ የሚመስል ጥምዝምዝ መስመር አለ። ጎኑ ላይ «ለንደን» የሚል ጽሑፍ ተቀርጿል።

መጀመሪያ ያሳየሁት ነጋዴ አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም። የለንደን ሥራ ነው አለኝ። ሰደፉ በእርጥበት ተጣሟል፣ በትኩስ ዘይት አቃናዋለሁ አለ። መስመሩ ዝገት ስለሆነ በብርጭቆ ወረቀት ይነሳል አለ። እኔም አምኜ ቀጠሮ ይዤ ነበር። ደግነቱ አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ከመንካትህ በፊት ለእኚህ ሰውዬ አሳይ» ብሎ ወደ ጋሼ ላከኝ።

ጋሼ ዕድሜያቸውን በሙሉ አሮጌ ጠመንጃ ሲጠግኑ የኖሩ ናቸው። መጀመሪያ ፈቃዴን ጠየቁ። ቀጥሎ ጠመንጃውን ከፍተው ባዶ መሆኑን በዓይናቸውም በጣታቸውም አረጋገጡ። ከዚያ በርሜሎቹን ነቅለው ገለበጧቸው። የተቀረጸውን ስም ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። «ከላይ ያለው ለገዢ ነው፣ እውነቱ ከሥር ነው» አሉኝ።

ከሥር፣ እንጨቱ የሚሸፍነው ቦታ ላይ፣ ከምስር ፍሬ የማይበልጥ ሞላላ ማኅተም ነበር። በአጉሊ መነጽር አሳዩኝ። በውስጡ ኢ፣ ኤል፣ ጂ የሚሉ የላቲን ፊደላት አሉ። የቤልጂየሟ የሊዬዥ ከተማ የፍተሻ ማኅተም ነው። እዚያ እያንዳንዱ በርሜል ለገበያ ከመውጣቱ በፊት ከመደበኛው በላይ ባሩድ ተጎርሶ ይተኮስበታል፣ ከተረፈ ይታተምበታል። ከ1893 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከሞላላው በላይ ዘውድ ተጨምሯል። የእኔው ዘውድ የለውም፣ ስለዚህ ከዚያ ይቀድማል። ለንደን የሚለውስ? ያን ጊዜ የሊዬዥ ሠሪዎች ብዙ ጠመንጃ የእንግሊዝ ስም የመሰለ ነገር እየቀረጹበት ይልኩ ነበር። የለንደን ወይም የበርሚንግሃም ሥራ ቢሆን የእነዚያ ከተሞች ማኅተም ይኖርበት ነበር።

እውነት ለመናገር ትንሽ ከፋኝ። ለንደን ብዬ ስንቱ ላይ ጎርሬበታለሁ!

ቀጥለው የበርሜሎቹን የኋላ ጠርዝ በጣታቸው ዳሰሱና ፈገግ አሉ። እኔ መቼም ልብ ያላልኩት ነገር ነበር። በሁለቱም በርሜሎች አናት ላይ የጥፍር ጫፍ የምታህል፣ ቀለሟ ለየት ያለ ብረት ተወትፋለች። «ይሄ መጀመሪያ ባለ ሚስማር ጥይት የሚጎርስ ነበር» አሉ። የነገሩ መነሻ ፈረንሳዊው ካዚሚር ለፎሾ ነው። በርሜሉ ታጥፎ ከኋላ ጥይት የሚጎርስበትን አሠራር በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አስመዘገበ። የዚያ ዘመን ጥይት ከጎኑ ትንሽ ሚስማር ይወጣዋል። ሚስማሩ በበርሜሉ አናት ላይ በተቆረጠች ቀዳዳ ብቅ ይላል፣ መዶሻው ከላይ ይመታዋል። በኋላ ከመሃል የሚመታው ጥይት ሲመጣ ብዙ ሰው ጠመንጃውን ከመጣል አሠራሩን አስለወጠ። ቀዳዳዋ ተደፈነች፣ የጥይቱን መሃል የሚመታ መርፌ ገባ፣ የመዶሻው አፍንጫ ተቀየረ። የእኔው መዶሻ አፍንጫ ለምን እንደዚያ ጎርበጥ እንዳለ ያኔ ገባኝ።

«ዝገት» የተባለው መስመር ደግሞ የደማስቆ በርሜል ነው። የብረትና የአረብ ብረት ዘንጎች አንድ ላይ ተገምደው፣ በዘንግ ላይ ተጠምጥመው፣ በእሳትና በመዶሻ የተበየዱ። ጋሼ ዘይት በነካ ጨርቅ አበስ አደረጉና አምፖሉን ወደ ጎን አዘነበሉት። ልክ በውሃ ውስጥ እንዳለ ፀጉር ብቅ አለ። ብርጭቆ ወረቀቱ ቢያርፍበት ኖሮ! ብቻ እሱን ተዉት።

ከዚያ የማልረሳውን ነገር አደረጉ። በርሜሎቹን በመንጠቆው በገመድ አንጠልጥለው በጥፍራቸው ነካ አደረጓቸው። እንደ ደወል ረጅም ድምፅ ሰጡ። በበርሜሎቹ መካከል ያለው ብየዳ ቢላቀቅ ኖሮ ድምፁ እንደ ተሰነጠቀ ሸክላ ይሆን ነበር አሉኝ። በዚህ ደስ ብሎኝ «እንግዲያው ልተኩስበት?» ስላቸው ሳቃቸው ጠፋ። ጥይት የሚጎርስበት ክፍል 65 ሚሊሜትር ነው፣ የዛሬው መደበኛ ጥይት 70። በዚያ ላይ በርሜሉ የተፈተነው ለጥቁር ባሩድ እንጂ ለዛሬው ባሩድ ግፊት አይደለም። «ጥይቱ ይገባልሃል፣ ችግሩም እሱ ነው» አሉ። ቀለሁ አፉ ታጥፎ ነው የሚገባው፣ ሲተኮስ ነው የሚዘረጋው፣ ስለዚህ የረዘመው ጥይት ሲገባ ምንም አይታወቅም፣ ሲተኮስ ግን መዘርጊያ ቦታ ያጣል።

ሰደፉን መጨረሻ ላይ ተዉት። ጠመንጃውን ገጣጠሙና ሰጡኝ። «ዓይንህን ጨፍን። ቀኝ ትከሻህ ላይ አድርገው። አሁን ክፈት።» ከፈትኩ። የበርሜሎቹ መስመር የግራ ዓይኔ ፊት ተጋድሟል። ቀኝ ዓይኔ ምንም አያይም።

«ይሄ አልተጣመመም ልጄ፣ ተሠርቶ ነው። ቀኝ ዓይኑ የማያይለት፣ ግን በቀኝ ትከሻው የሚተኩስ ሰው ያሠራው ነው።» እንጨቱን ደግሞ አሳዩኝ። ከብረቱ በዕድሜ ያንሳል፣ ጠመንጃው ከተሠራ ብዙ ቆይቶ የተገጠመ ነው።

እዚያው ሆኜ እናቴ ጋ ደወልኩ። አያቴን አላውቀውም፣ ሳልወለድ ነው ያረፈው። «ቀኝ ዓይኑ እኮ በልጅነቱ ጠፍቷል፣ አታውቅም እንዴ?» አለችኝ፣ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ነገር ይመስል።

እንግዲህ በትኩስ ዘይት ላቃና የነበረው ይህን ነው።

ጋሼ እሸጥላችኋለሁ አይሉም፣ ልግዛም አይሉም። ያስከፈሉኝ ለፍተሻው ብቻ ነው። ያገኙትን ሁሉ በእጅ ጽሑፋቸው በሁለት ገጽ አስፍረው፣ የማኅተሞቹን ሥዕል ሳይቀር ሠርተው ሰጡኝ። ስጠብቅ ደግሞ መደርደሪያቸው ላይ ያለውን ጉድ አሳዩኝ። በርሜሉ የማይታጠፍ፣ ይልቁንም የኋላው ክፍል እንደ መሳቢያ የሚሳብ፣ ዳርን የተባለው የፈረንሳይ ጠመንጃ አለ። አንዱ በርሜል ለጥቃቅን የእርሳስ ፍንጣሪ፣ ሌላው ለነጠላ እርሳስ የሆነም አየሁ። «ኖት ፎር ቦል» የሚል የታተመበት የእንግሊዝ በርሜልም አለ፣ አፉ ጠበብ ስለሚል ነጠላ እርሳስ አይተኮስበትም ማለት ነው። ማኅተሙ ከ1875 እስከ 1887 ብቻ የተሠራበት ስለሆነ ራሱ ዕድሜውን ይናገራል።

ቸኩሎ ዋጋ ለመስማት ብቻ የሚፈልግ ሰው ግን አይሂድ። ይሰለቻል። እኔ ጋ ግማሽ ቀን ፈጅተዋል።

ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ ጠይቀውኛል፣ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እነግራለሁ። ፎቶ ቀድማችሁ ብትልኩ ይወዳሉ፣ ከላይ ያለውን ጌጥ ሳይሆን በርሜሉ ተነቅሎ ከሥሩ ያለውን። ደግሞ እንዳትወለውሉት። እኔ «ንጹሕ ይሁንላቸው» ብዬ መዶሻዎቹን በብረት ብሩሽ ፈትጌ ነበር የሄድኩት፣ ከጠመንጃው በፊት ያዩት እሱን ነው። ተቆጥተውኛል።