የግብርና ኖራ በግጦሽ መሬት ላይ፦ ከሁለት ክረምት በኋላ የተጻፈ ግምገማ

በእንጅባራ አካባቢ ግማሽ ሄክታር የሣር መሬት አለኝ፤ ለሁለት ላሞቼና ለአንዲት ፈረሴ የበጋውን ድርቆሽ የማጭደው ከዚሁ ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ሣሩ እየሳሳ፣ ማገጡ (ከብት የሚወደው፣ ከባቄላ ወገን የሆነው የሜዳ ተክል) እየጠፋ፣ በምትኩም ከብት የማይነካው አረም እየተስፋፋ ስለ ሄደ ጎረቤቶቼ ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዝርያ ተክለው ወደ ከሰል ሥራ እንድገባ መክረውኝ ነበር። እኔ ግን ሣሩን መተው ስላልፈለግሁ አፈሩን አስመርምሬ የግብርና ኖራ፣ ማለትም የአፈርን ኮምጣጣነት የሚያርም የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ገዛሁ። ስለ ኖራ የሚነገረው ሁሉ ስለ ስንዴ፣ ስለ ገብስና ስለ ድንች ብቻ በመሆኑ፣ ለግጦሽ መሬት መግዛት ለሚያስቡ ሰዎች ያየሁትን መጻፍ ተገቢ መስሎ ታየኝ።

የአካባቢያችን አፈር የኮመጠጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙ ዝናብ በሚወርድበት ደጋ ካልሲየሙ፣ ማግኒዚየሙና ፖታሲየሙ በውኃ ታጥበው ይሄዱና በቦታቸው ሃይድሮጅንና አሉሚኒየም ይቀራሉ። የአፈሩ ፒኤች (የኮምጣጣነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አፈሩ ይበልጥ ኮምጣጣ ነው) ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየሙ ሟሙቶ የሥር ጫፍን ያቀጭጫል፤ ፎስፈረሱም ከአሉሚኒየምና ከብረት ጋር ስለሚጣበቅ ማዳበሪያ ቢጨመር እንኳ ሣሩ ብዙም አያገኘውም። ማገጥ ናይትሮጅን የሚያገኝበት የሥር ባክቴሪያም በእንዲህ ያለ አፈር ይዳከማል። ድርቆሽ በየዓመቱ አጭዶ ፍጉን ወደ ጓሮ ብቻ መውሰድ ደግሞ ጉዳቱን ያባብሳል፤ ጎመን የሚበቅልበት የቤታችን ዙሪያ አመድና ፍግ ሲጠግብ ሜዳው ግን የሚሰጠው እንጂ የሚቀበለው የለውም።

በምርመራው አገልግሎት በአብዛኛው ረክቻለሁ። ከልማት ጣቢያ ሠራተኛው ጋር ሆነን የእበት ቁልልን፣ የበሩን መግቢያና የበረቱን ዙሪያ እየዘለልን ከ15 ቦታ አፈር ወሰድን፤ በፕላስቲክ ባልዲም ቀላቅለን ላክን። ውጤቱ ፒኤች 4.8፣ ተለዋዋጭ አሲዳማነት (በአፈሩ ቅንጣቶች ላይ የተያዘው የአሉሚኒየምና የሃይድሮጅን መጠን) በ1 ኪሎ ግራም አፈር 2 ሴንቲሞል የሚል ሲሆን፣ የተሰጠኝ ምክር በሄክታር 27 ኩንታል ኖራ እንድጨምር ነበር። ቅሬታዬ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ይህ መጠን የተሰላው ኖራው 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ካለው አፈር ጋር በማረሻ እንደሚደባለቅ ታስቦ ነው፤ ስሌቱ በመጀመሪያ 18 ኩንታል ይሰጥና በአንድ ተኩል ሲባዛ 27 ይሆናል። የግጦሽ መሬት ግን አይታረስም። ኖራ በቀላሉ ስለማይሟሟ ከላይ ሲበተን ወደ ታች የሚወርደው እጅግ በዝግታ ነው። ሙሉውን መጠን በአንድ ጊዜ ማልበስ ከላይ ያለውን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከልክ በላይ አልካላይን (የኮምጣጣ ተቃራኒ) አድርጎ ዚንክን፣ ማንጋኒዝንና መዳብን ለሣሩ እንዳይደርሱ ሊያደርግ ይችላል፤ የታችኛው አፈር ግን እንደ ኮመጠጠ ይቆያል። ስለዚህ የጥልቀቱን ግማሽ ብቻ አስልቼ ለግማሽ ሄክታሬ 7 ኩንታል፣ ማለትም 14 ከረጢት ባለ 50 ኪሎ ገዛሁ። የምርመራ ወረቀቱ መሬቱ የሚታረስ ይሁን የሚጋጥ የሚጠይቅ አንድ መስመር ቢኖረው ኖሮ ይህን ስሌት እኔ ባልሠራሁት ነበር።

ወደ ኖራው ስመጣ ምስጋናዬ ይቀንሳል። የአቅራቢውን ስም አልጠቅስም። ከ14ቱ ከረጢቶች አራቱ ረጥበው ጓጉለው የመጡ ሲሆን፣ ከእነርሱ አንዱን በሸራ ላይ ዘርግቼ በፀሐይ ካደረቅሁ በኋላ ብመዝነው 45 ኪሎ ሆኖ ተገኘ፤ ለ5 ኪሎ ውኃ የኖራ ዋጋ ከፍያለሁ ማለት ነው። ከደረቀው ውስጥ 1 ኪሎ ወስጄ በባለቤቴ የዱቄት ወንፊት ነፋሁት (ወንፊቱ ወደ ማዕድ ቤት አልተመለሰም)፤ እንደ ሽሮ መላም የሚገባው ነገር ከሢሶ በላይ እንደ ቅንጬ ሆኖ ወንፊቱ ላይ ቀረ። ይህ ጥቃቅን ጉዳይ አይደለም፤ ከሩብ ሚሊ ሜትር በታች የደቀቀ ኖራ በአብዛኛው በአንድ ዓመት ውስጥ ሥራውን ሲሠራ፣ ከ2 ሚሊ ሜትር የሚበልጠው ግን ለረጅም ጊዜ ድንጋይ ሆኖ እንደ ተቀመጠ ይቆያል። ከረጢቱ ላይም ስለ ዱቄቱ ልመትም ሆነ አሲድን ስለማርከስ አቅሙ የተጻፈ ቃል አልነበረም። ስጠይቅ ያገኘሁት መልስ «ኖራ ኖራ ነው» የሚል ነው።

ኖራ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ጥቂት አቼቶ ጠብ ሲያደርጉበት የሚንፈቀፈቀው ካርቦኔት ያለው የግብርና ኖራ ሲሆን፣ በመልኩ የሚመሳሰለው ጀሶ ግን ካልሲየም ቢኖረውም የአፈርን ኮምጣጣነት አያርምም። ለግንብ የሚውለው የተቃጠለ ኖራ ደግሞ አቅሙ ከፍተኛ ቢሆንም ቆዳንና ዓይንን ያቃጥላል፤ ለሜዳ አልመክረውም። የእኔው በአቼቶ ተፈትኖ አልፏል፤ ጉድለቱ በልመቱና በእርጥበቱ ነበር።

የበተንሁት በግንቦት ወር፣ ሣሩ በደንብ ከተጋጠ በኋላና ነፋስ በሌለበት ማለዳ ነው። መሬቱን በገመድ 10 ሜትር በ10 ሜትር ከፋፍዬ ለእያንዳንዱ ክፋይ 14 ኪሎ፣ ማለትም በካሬ ሜትር 140 ግራም አደረስሁ፤ ለማነጻጸሪያ እንዲሆነኝ አንዱን ክፋይ ሳልነካ ተውሁት። አንድ አዛውንት ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ ሆነው «ልጄ፣ ሜዳውን ልትቀባው ነው እንዴ?» ብለው ስቀውብኛል። ከዩሪያና ከፍግ ጋር በአንድ ቀን መበተን ናይትሮጅንን በአሞኒያ መልክ ሊያባክን ስለሚችል ለየብቻ አድርጌዋለሁ፤ ከብቶቹንም ዝናብ ሣሩን እስኪያጥበው ድረስ አላስገባሁም።

በመጀመሪያው ክረምት የረባ ለውጥ አላየሁም፤ ገንዘቤን ሜዳ ላይ የበተንሁ መስሎኝም ነበር። በሁለተኛው ክረምት ግን ፎስፈረስ ያለበት ማዳበሪያ በመጠኑ ጨምሬ ስለነበር፣ በመስከረም ወር ማገጡ ጥቅጥቅ ብሎ ወጣ፤ ያልነካሁት ክፋይ ደግሞ ከአጥሩ ላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው እንደ ተጣፈ ጨርቅ ይለይ ነበር። ማዳበሪያው ለዚያ ክፋይም ስለ ደረሰው ልዩነቱን ለኖራው መስጠት አግባብ ይመስለኛል። እንደገና ሲመረመር የላይኛው 5 ሴንቲ ሜትር ፒኤች 5.4 ደርሷል፤ ከ10 ሴንቲ ሜትር በታች ያለው ግን ከቀድሞው እምብዛም አልተነሣም። ማገጥ በበዛበት ሜዳ ላሞችን ጤዛው ሳይረግፍ በባዶ ሆዳቸው መልቀቅ ሆዳቸው እንዲነፋ ስለሚያደርግ፣ ጠዋት ጠዋት አስቀድሜ ድርቆሽ እሰጣቸዋለሁ። ኖራው ሶዲየም ስለማይጨምር አሞሌውም አልቀረም።

ስለዚህ ለምርመራው ከ5 4፣ ለኖራው አቅርቦት ከ5 2፣ በመሬቱ ላይ ላየሁት ውጤት ደግሞ 4 እሰጣለሁ። ከሌሎች ሦስት ባለ ሜዳዎች ጋር ተባብረን አንድ መኪና ካልተከራየን በስተቀር የማጓጓዣው ወጪ ከኖራው ዋጋ እንደሚበልጥ ከወዲሁ ይታሰብበት። ቀሪውን 7 ኩንታል ከሁለት ዓመት በኋላ ለመግዛት አቅጃለሁ፤ በዚያን ጊዜ ከረጢቶቹ ከመኪናው ከመውረዳቸው በፊት ወንፊት፣ ሚዛንና አንድ ጠርሙስ አቼቶ ይዤ እገኛለሁ።