1050 ብለው የሸጡልኝ ግራፊክስ ካርድ፦ ካውንተር 2 ለመጫወት ኮምፒዩተር ልትገዙ ያሰባችሁ ይህን ሳታነቡ እንዳትከፍሉ

ከሱቁ ከተመለስኩ ሁለት ሰዓት አይሞላኝም። ንዴቱ ገና አልወጣልኝም። ቢሆንም ዛሬውኑ ልጻፈው። የእኔን የመሰለ ሌላ ግራፊክስ ካርድ (የጌሙን ምስል የሚያወጣው የኮምፒዩተር ክፍል) እዚያው መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ሌላ ሰው እየጠበቀ ነው። በዓይኔ አይቼው ነው የመጣሁት።

የሄደብኝ 46,000 ብር ነው። የዕቁብ ብር ነው። ተራዬ እስኪደርስ አንድ ዓመት ሊሞላኝ ትንሽ ነበር የቀረኝ።

የሱቁን ስም አልጠራም፤ ግን ታውቁታላችሁ። መገናኛ ካሉት ሕንፃዎች በአንዱ ውስጥ ነው። ኮምፒዩተሮቹ እስከ ኮርኒስ ተደራርበው «ስላይትሊ ዩዝድ፣ ከዱባይ የገባ» የሚል ወረቀት የተለጠፈባቸው። ልጁንም ታውቁታላችሁ። ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መሃል ይዞ «ብሮ ግባ፣ ምን ልስጥህ?» የሚለው። ዋጋ ስትጠይቁት መልሶ «ለምን ሥራ ነው የፈለግከው?» ይላችኋል። ለጌም ነው ካላችሁት አለቀ፣ ሒሳቡ እዚያው ላይ ይቀየራል።

እኔም ለጌም ነው አልኩት። ካውንተር ስትራይክ 2ን፣ የተኩስ ጌሙን፣ ለመጫወት ነው አልኩት።

ለምን እንደፈለግኩት ልንገራችሁ። አብሮ አደጌ ዱባይ ከሄደ ስድስት ዓመቱ ነው። ልጅ ሆነን ሠፈራችን ካለ ኢንተርኔት ቤት ጎን ለጎን ተቀምጠን የድሮውን ካውንተር፣ 1.6ን፣ ስንጫወት ነው ያደግነው። እሱ ከሄደ በኋላ የምንገናኘው ከ1.6 በኋላ በመጣው ካውንተር፣ በሲኤስ ጎ ነበር። ለእኛ የሚቀርበን ሰርቨርም ያለው እዚያው ዱባይ ነው፤ ለእሱ ጓሮው ነው፣ ለእኔ ፒንጉ (ወደ ሰርቨሩ ደርሶ መልሱ ሚሊሰከንድ) ከ100 ወርዶ አያውቅም። ቢሆንም ዓርብ ማታ ማታ እንገባለን፣ እየተጫወትን እናወራለን። ስለ እናቱ ይጠይቀኛል። እኔ ስለ ሥራው እጠይቀዋለሁ። በስልክ እንዲህ አናወራም።

የድሮው ሲኤስ ጎ በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ ጌም ነው። 15 ጊጋ ቦታ ይበቃው ነበር፣ አሮጌ ላፕቶፕም ይችለዋል። የእኔ ላፕቶፕ ችሎት ኖሯል። ከዚያ መስከረም 16 ቀን 2016 ካውንተር 2 ወጣ። ደመራ የበራ ዕለት ነው፣ ቀኑን የማልረሳው ለዚህ ነው። በነጋታው ጌሙ የሚወርድበትን ስቲምን ስከፍት የድሮው ጌም በቦታው የለም፣ አዲሱ ተተክቶበታል። ፈልጋችሁ ፈልጋችሁ የድሮውን ማውረድ ይቻላል፤ ግን እንደ በፊቱ ገብቶ ከሰው ጋር መጫወት ቀረ። አዲሱ ደግሞ ቢያንስ 8 ጊጋ ራም፣ ዳይሬክት ኤክስ 11 የሚችል ግራፊክስ ካርድና 85 ጊጋ ቦታ ይላል። በእኛ አገር ኢንተርኔት 85 ጊጋ ማውረድ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም።

በዚህ የጌሙን ሠሪዎች እስካሁን ይቅር አላልኳቸውም። ሁለተኛ ክፍል ስትሠራ የመጀመሪያውን ከሰው እጅ አትነጥቅም። የማክ ተጠቃሚዎችንም ጥለዋቸው ነው የሄዱት።

ግን ጌሙ ጥሩ ነው፤ ውሸት አልናገርም። ጓደኛዬ ቤት ስሞክር ያየሁት ስሞክ (የጭስ ቦምቡ) እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። በድሮው ጌም ስሞክ ማለት ግራጫ መጋረጃ ነበር፣ ሁሉም ጋ አንድ ዓይነት። አሁን እውነተኛ ጭስ ሆኗል። ጠባብ ኮሪደር ውስጥ ብትወረውረው እየተገፋ ይሄዳል፣ በሩን አልፎ ይወጣል፣ ደረጃ ላይ ይወርዳል። ብትተኩስበት ጥይቱ ያለፈበት ቦታ ለአፍታ ይከፈታል። ቦምብ ብትወረውርበት መሃሉ ይበተንና ጠላትህን ታየዋለህ፣ እሱም ያይሃል፣ ከዚያ ተመልሶ ይዘጋል። ሃያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በለመድነው ጨዋታ ላይ አዲስ ሐሳብ ይዞ የመጣ ነገር ነው። በስህተት የገዛኸውን መሣሪያ ራውንዱ ሳይጀመር መመለስ መቻሉም ጥሩ ነው። ለማሸነፍ ያስፈልግ የነበረው 16 ራውንድ ወደ 13 መውረዱን ብዙዎች ጠልተውታል፤ እኔ ግን ወድጄዋለሁ፤ ማታ ከሥራ ለሚገባ ሰው ይመቻል።

ደካማ ጎኑም አለ። አጭበርባሪው በዝቷል፤ ግድግዳ አልፎ የሚያይ ሰው ሳይገጥመኝ የሄደ ሳምንት የለም ይላል ጓደኛዬ። ሲወጣ እንደ አርምስ ሬስ ያሉ ጨዋታዎች ተቆርጠው ነበር፣ እሱ የተመለሰው ከወራት በኋላ ነው። ዴንጀር ዞን የሚባለውም አብሮ ቀርቷል። ከግድግዳ ጀርባ ከገባህ በኋላ የምትሞትበት ነገርም አለ፤ ፒንጉ ከፍ ላለ እንደ እኔ ላለ ሰው በጣም ያናድዳል። ይሁን። ይህን ሁሉ አውቄ ነው የፈለግኩት።

አሁን ወደ ሱቁ ልመለስ።

ልጁ አንድ ዴል አወጣ። ኮር አይ 5፣ አራተኛ ጀነሬሽን፣ 8 ጊጋ ራም። «ካርዱ 1050 ቲአይ ነው፣ 4 ጊጋ። ካውንተርህን እንደ ውሃ ነው የሚያጫውትህ» አለኝ። ማሳየት ትችላለህ ወይ አልኩት። «እንዴ! ምን ችግር አለው» ብሎ ሰካው።

መጀመሪያ የኮምፒዩተሩን መረጃ ከፈተልኝ። ጣቱን ስክሪኑ ላይ አድርጎ አንድ በአንድ አነበበልኝ። ጂፎርስ፣ ጂቲኤክስ፣ 1050፣ ቲአይ። «ይሄ ውሸት ይናገራል?» አለኝ። እውነትም ተጽፏል። ከዚያ ጌሙን ከፈተ። ሚራዥ የሚባለው ካርታ ላይ ብቻውን ገባ፣ ጠላት የለ፣ ቦት (ኮምፒዩተሩ ራሱ የሚያጫውተው ተጫዋች) የለ። ምስሉ ትንሽ የተለጠጠ ሆኖ ታየኝ፣ ፊደሎቹም ደብዘዝ ብለዋል። ሞኒተሩ ነው ብዬ አለፍኩት። ለካ ሁሉንም መጨረሻ ዝቅተኛ ላይ አድርጎታል። ባዶ መንገድ ላይ ወዲያ ወዲህ ሮጠ። ይንቀሳቀሳል።

«እስቲ እኔ ልሞክረው» አልኩ። ማውሱን ሰጠኝ። ሁለት ሦስት ጥይት ተኮስኩ። ከዚያ መግዣውን ከፍቼ ስሞክ ገዛሁ። ያን ጭስ በራሴ ኮምፒዩተር ላይ ማየት ጓጉቼ ነበር። ስሞኩን ይዤ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ልወረውር ጣቴን ማውሱ ላይ አደረግኩ።

እጁን እጄ ላይ ጫነ።

በኃይል አይደለም፤ እንደ ጓደኛ፣ እየሳቀ። «ብሮ ይበቃል፣ መብራት አሁን ይጠፋል፣ ዲስኩን ይጎዳብሃል» አለኝና በሌላው እጁ ጌሙን ዘጋው። ከሰዓት በፊት ሁለቴ መብራት ጠፍቶ ስለነበር እውነት መሰለኝ። አመሰገንኩት! ለኮምፒዩተሬ ያሰበልኝ መስሎኝ አመሰገንኩት። ከተታለልኩት ገንዘብ ይልቅ አሁን የሚያንገበግበኝ ያ ምስጋና ነው።

ከዚያ የቀረው ያው ነው። «በደረሰኝ ከሆነ 15 ፐርሰንት ቫት አለው፣ ምን አደከመህ» አለኝ። 6,900 ብር ተጨማሪ ነው። ተውኩት። ቁራጭ ወረቀት ላይ «ኮምፒዩተር ሙሉ 1» ብሎ ጽፎ ማህተም መታበት። የካርዱ ስም የለበትም። ጌሙን ለመጫን 500 ብር ጨመረብኝ፣ ጌሙ በነጻ የሚሰጥ መሆኑን እያወቅኩ ከፈልኩ። ስወጣ «ብቻ ድራይቨሩን አፕዴት እንዳታደርገው፣ ዊንዶውስ ያበላሽብሃል» አለኝ። ድራይቨር ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም ነው። ይህንንም እንደ ምክር ይዤ ወጣሁ።

ቤት ገብቼ የድሮ ሞኒተሬን ስሰካ ሰማያዊው የቪጂኤ ገመድ ካርዱ ላይ ልክ ገባ። ደስ አለኝ፣ ከአዳፕተር ወጪ ዳንኩ ብዬ። እዚህ ላይ አስተውሉ፣ ማወቅ የነበረብኝ እዚህ ጋ ነው። የ1050 ቺፕ ሠሪው ኤንቪዲያ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባወጣቸው የ10ኛው ተከታታይ ካርዶች ላይ ያንን የድሮ የቪጂኤ ምልክት ማውጣቱን አቁሟል። 1050 ቲአይ ላይ ሰማያዊ ቪጂኤ ካያችሁ ያ ካርድ በአብዛኛው 1050 አይደለም። እኔ በደስታ ሰካሁት።

ዓርብ ማታ ከጓደኛዬ ጋር ገባን። ምስሉን ወደ ትክክለኛው መጠን ስመልሰው ወዲያው ከበደ፣ ፍሬሙ በሰከንድ 30 ምስል አካባቢ ሆነ። ኢንተርኔቱ ይሆናል አልኩ። በሦስተኛው ራውንድ የእኛ ቡድን ሁለት ስሞክ ወረወረ። ስክሪኔ ቆመ። እየተቆራረጠ፣ እንደ ፎቶ አንድ በአንድ እያለፈ፣ ከዚያ ጥቁር። ጓደኛዬ በጆሮ ማዳመጫው «አለህ? አለህ?» ይላል። አልነበርኩም። አምስት ጊዜ ተነሥቼ ገባሁ፣ አምስቱንም ጊዜ ስሞክ ሲፈነዳ ወጣሁ። የሱቁ ልጅ እንዳልወረውራት የከለከለኝ ያቺ ስሞክ ነበረች ሁሉንም የምታሳየኝ።

ጓደኛዬ ጂፒዩ-ዚ የምትባል ትንሽ ነጻ ፕሮግራም አስወረደኝ። ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስማቸው የተቀየረ ካርዶችን ለይታ ትናገራለች። ከፈትኩት። ከካርዱ ስም ፊት በቅንፍ ፌክ የሚል ተጽፏል። ውስጡ ያለው ቺፕ በ2010 እና በ2011 እ.ኤ.አ. የወጡት ጂቲኤስ 450 እና 550 ቲአይ ላይ የነበረው ነው። እውነተኛው 1050 ቲአይ 768 ኮር (ምስሉን የሚያሰላ ክፍል) አለው፣ የእኔ 192። ልጁ 4 ጊጋ ነው ያለኝ የካርዱ ማህደረ ትውስታ 1 ጊጋ ብቻ ነው። የካርዱን ባዮስ (ካርዱ ውስጥ የተጻፈውን መነሻ ፕሮግራም) ነክተው ስሙን ብቻ ቀይረውታል። ድራይቨሩን አትንካ ያለኝም ለዚህ ነው፤ ትክክለኛው ድራይቨር ሲመጣ ውሸቱን አይቀበለውም።

ዛሬ ይዤው ሄድኩ። ልጁ ሲያየኝ ስልኩን አንሥቶ ወደ ውስጥ ገባ። ባለቤቱ ነበሩ፣ ትልቅ ሰው ናቸው። «ጋሼ፣ የተሸጠልኝ ካርድ ሐሰተኛ ነው» ብዬ ፎቶውን አሳየኋቸው። ስልኬን አላዩትም። «ስክሪኑ ላይ 1050 ይላል አይልም?» አሉኝ። ይላል አልኩ። «እንግዲህ 1050 ነው የሸጥንልህ» አሉ። ላስረዳቸው ስል ሂሳብ ተቀባይዋ ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት በእስክሪብቶ ጠቆመችኝ። የተሸጠ ዕቃ አይመለስም ይላል። ከዚያ ጋሼ ቀና ብለው አዩኝና «ልጄ፣ ትልቅ ሰው ነህ። ጌም ላይ ተጥደህ ከምትውል ሥራ ብትሠራ አይሻልህም?» አሉኝ። ልጁ ከውስጥ ሲስቅ ሰማሁት።

ሥራ አለኝ። ዘጠኝ ዓመት የሒሳብ ሠራተኛ ሆኛለሁ። ይህን ብር በሥራዬ ነው ያገኘሁት። በሳምንት አንድ ማታ ከወንድሜ እኩል ከማየው ሰው ጋር የምጫወተው ጌም ለእርሳቸው መሳቂያ ሊሆን አይገባም ነበር። መልስ መስጠት ነበረብኝ፣ አልሰጠሁም። ካርዱን ይዤ ወጣሁ።

በአጭሩ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ጂፒዩ-ዚን በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱና እዚያው ክፈቱ። የካርዱን ጀርባ፣ ሰማያዊ ቪጂኤ እንዳለበት፣ እዩ። ጌሙን በራሳችሁ እጅ፣ ከቦቶች ጋር፣ ስሞክ እየወረወራችሁ ሞክሩ፤ እጃችሁን ከያዘ ውጡ። የካርዱ ስም የተጻፈበት ትክክለኛ ደረሰኝ ሳትይዙ አትውጡ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥ ወይም ገንዘባችሁ እንዲመለስ መጠየቅ እንደምትችሉ ይላል፤ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ይህን አይሽረውም።

እኔ ከገዛሁ ዛሬ ስምንተኛ ቀኔ ነው። ገንዘቡን የላክሁት በሞባይል ባንኪንግ ስለሆነ ማስረጃው አለኝ፣ ያቺንም ቁራጭ ወረቀት አልጣልኳትም። ሰኞ ጠዋት ካርዱን ይዤ ወደ ክፍለ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት እሄዳለሁ። ከዚያው ሱቅ ገዝታችሁ ስሞክ ላይ የሚጠፋባችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ፣ አብረን እንሂድ።