ቀዩን አፈር ዝም ላሰኙልን የአሶሳው ባለሙያ ምስጋናና ጥቆማ

በአሶሳ ዙሪያ በወርቅ ሥራ የምትተዳደሩ ሁሉ፣ ይህን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው እንድታነቡልኝ እለምናለሁ። የማኅበራችንን የወርቅ መፈለጊያ መሣሪያ ከአፈራችን ጋር ላስማሙልን የጥገና ባለሙያ ከልብ የመነጨ ምስጋና ማቅረብ እፈልጋለሁ። እናንተም አዲስ መሣሪያ ለመግዛት ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት እሳቸውን እንድታማክሩ እጠቁማለሁ። ስማቸው በአደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለጉ፣ ሁላችንም እንደምንጠራቸው ጋሼ እላቸዋለሁ።

ማኅበራችንን ያቋቋምነው የበርታ ተወላጆችና በ1977 ዓ.ም. ከወሎ መጥተው የሰፈሩ ቤተሰቦች ልጆች ነን። እናቶቻችን በገበቴ ወርቅ ሲያጥቡ ከኖሩበት ወንዝ ከፍ ብሎ ባለው ተረተር ላይ እንሠራለን። አፈሩ ቀይ ነው፤ ብረት የበዛበት፣ ጥቁር አሸዋና ጥቁር ጠጠር የተቀላቀለበት። እንዲህ ባለ መሬት የሠራ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። መሣሪያው ከጠዋት እስከ ማታ ይጮኻል፤ የጮኸበት ቦታ ሲቆፈር የሚወጣው ድንጋይ ነው። የእኛ መሣሪያ የአውስትራሊያው የማይንላብ ኩባንያ ምርት፣ ጂፒኤክስ 5000 የሚባለው ነው። ያነጋገርነው ሻጭ ሴንሲቲቪቲውን፣ ማለትም መሣሪያው ደካማ ምልክት የሚሰማበትን መጠን፣ እስከ ጥግ እንድናደርሰው መከረን፤ ጩኸቱ ሲብስ ደግሞ መሣሪያው ስላረጀ አዲስ ግዙ አለን። የማኅበሩ አባላት ከብት ሸጠው ሊያዋጡ ሲነጋገሩ ነው አንድ ዘመዳችን ወደ ጋሼ የመራን።

ጋሼ ቤታቸው ሆነው መሣሪያውን ለማየት ፈቃደኛ አልሆኑም። «መሣሪያው የሚስተካከለው ለአፈሩ ነው፤ አፈሩን ሳላይ ምን ልነካ?» ብለው አብረውን ወጡ። እንደ ደረስን በፌስታል የተጠቀለለ ማግኔት ከኪሳቸው አውጥተው የደረቀውን አፈር ዳሰሱበት። ጥቁሩ አሸዋ ጢም እስኪመስል ተጣበቀበት። «ይኸው፣ የሚጮኸው ይህ ነው» አሉን።

ቀጥሎ የነገሩን ነገር ሥራችንን ከመሠረቱ ቀየረው። ጥልቅ ወርቅ ለማግኘት መሣሪያውን እስከ ጥግ መክፈት ያስፈልጋል የሚለው እምነት እንዲህ ባለ አፈር ላይ አይሠራም። ሴንሲቲቪቲው ሲጨምር የወርቁ ድምፅ ብቻ ሳይሆን የአፈሩም ድምፅ አብሮ ያድጋል፤ አፈሩ ደግሞ ለሳህኑ፣ በመሣሪያው ጫፍ ላለው ክብ መፈለጊያ፣ ቅርብ ስለሆነ ሁልጊዜ ይቀድማል። በገበያ መሀል የሕፃን ሹክሹክታ ለመስማት የሚሞክር ሰው የሚያስፈልገው ገበያው ዝም እንዲል ነው። ከሳህኑ ርቆ የተቀበረ ትንሽ ብረታ ብረት፣ ወርቅም ቢሆን፣ ጥልቀቱ በእጥፍ ሲጨምር የሚመልሰው ምልክት 64 ጊዜ ያህል ይዳከማል። ስለዚህ የጥልቅ ወርቅ ድምፅ ምንጊዜም ደካማ ነው፤ የሚሰማውም መሣሪያው ሲረጋጋ ብቻ ነው። ጋሼ ሴንሲቲቪቲውን ደረጃ በደረጃ ዝቅ እያደረጉ መሣሪያው ዘወትር የሚያሰማው የጀርባ ድምፅ እንደ ቀጭን ክር ሳይቆራረጥ የሚዘልቅበት ቦታ ላይ አቆሙት። የአፈር ዓይነት መምረጫውንም ኖርማል ከሚለው አንሥተው፣ ማዕድን ለበዛበትና ቶሎ ቶሎ ለሚለዋወጥ መሬት ወደ ተሠራው ኢንሃንስ ወሰዱት። ያ ሁሉ ጩኸት ጸጥ አለ፤ ደስታችንን ልገልጸው አልችልም።

ረጅሙን ጊዜ የሰጡት መሣሪያውን ከአፈሩ ጋር ለማስማማት ነው። የተቀበረ ብረታ ብረት የሌለበትን ንጹሕ ቦታ መርጠው፣ እጀታው ላይ ያለውን ቁልፍ ተጭነው፣ ሳህኑን ወደ መሬት እያወረዱና እያነሡ ድምፁ በሁለቱም አቅጣጫ አንድ ዓይነት እስኪሆን ጠበቁ። ከዚያ እያንዳንዳችንን ተራ በተራ አስደረጉን፤ በዕድሜ የገፉት እናቶችም አልቀሩም። የአፈሩ ቀለም ሲለወጥ፣ ዝናብ ሲዘንብ፣ ከተረተር ወደ ወንዝ ዳር ሲወረድ እንደገና መደረግ አለበት። መሣሪያው በራሱ እየተከታተለ እንዲስማማ የሚያደርገውን ምርጫ ግን አጠፉት። ምክንያቱን ሲያስረዱን ገረመኝ፤ በደካማ ድምፅ ላይ ሳህኑን ደጋግመን ስናመላልስ መሣሪያው ያንኑ ወርቅ እንደ አፈር ቆጥሮ ሊያጠፋው ይችላል። ስንት ጥሩ ድምፅ በዚህ መንገድ እንደሚያመልጥ አስቡት።

ስለ ሳህኑም እንዲሁ። ትልቁ ሳህን ጥልቅ ይደርሳል፤ ነገር ግን ብዙ አፈር በአንድ ጊዜ ስለሚያይ በእኛ መሬት ይረበሻል፣ ጥቃቅኑንም ወርቅ ያልፋል። ሞኖ የሚባለው የሳህን ዓይነት በለዘበ መሬት ጠልቆ ይሰማል፤ ብረት በበዛበት ግን ደብል ዲ የሚባለው ይረጋጋል። ሁለቱም ስላሉን አዲስ ነገር መግዛት አላስፈለገንም። ጋሼ ይህን የነገሩን መለዋወጫ ሳህኖች በእጃቸው እያሉ፣ ሊሸጡልን እየቻሉ ነው። እንዲህ ያለ ታማኝነት በዚህ ገበያ ውስጥ ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

ያስተካከሉትን በዓይናችን እንድናረጋግጥም ፈለጉ። ድምፁ ከወርቅ ጋር ስለሚቀራረብ የእርሳስ ቁራጭ ወሰዱ፤ ከላይ ቆፍረው ቢቀብሩት የተነካው አፈር ስለሚያሳስት ከገደሉ ጎን በኩል ሸንቁረው ወደ ውስጥ ከተቱት። ከላይ ያለው መሬት እንዳለ ነው። በሻጩ ቅንብር ምንም የተለየ ድምፅ አልነበረም። በእሳቸው ቅንብር ግን፣ ሳህኑን በዝግታና ከመሬት እኩል ርቀት ላይ ስናንቀሳቅስ፣ የጀርባው ድምፅ ለስለስ ብሎ ጎበጥ አለ። ጆሮ ማዳመጫ ያላደረገ አይሰማውም። እንዲህ ያለ ድምፅ ሲገኝ ሳህኑን በቦታው ላይ በመስቀለኛ አቅጣጫ ማሳለፍ፣ ከዚያም ከላይ ጥቂት አፈር ጠርጎ እንደገና ማዳመጥ ነው። ወርቅ ወይም ሌላ ብረታ ብረት ከሆነ አፈሩ በተነሣ ቁጥር ድምፁ እየጠነከረ ይመጣል፤ የአፈር ድምፅ ከሆነ ከተጠረገው ጋር ይጠፋል። ድምፁን እንዳይረብሹ ስልኮች ጠፍተው፣ ሁለት መሣሪያዎችም ተራርቀው መሥራት አለባቸው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ፈትሾ በተወው ተረተር ላይ ከክንድ ባልተናነሰ ጥልቀት ጥሬ ወርቅ አውጥተናል። ሁልጊዜ ይገኛል ብዬ ማንንም አላታልልም፤ ወርቅ በሌለበት መሬት ምንም ቅንብር ወርቅ አያመጣም። ነገር ግን ድንጋይ በመቆፈር የምናጠፋው ጉልበት ቀርቶልናል፤ የከብቶቻችንም ዋጋ በእጃችን ነው።

አንድ ሌላ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ይቆጨኛል። ጋሼ ጥልቅ ድምፅ ሁሉ ወርቅ እንዳልሆነ ወጣቶቹን አስቀምጠው መክረዋል። ውጊያ በነበረበት አካባቢ ያልፈነዳ ጥይት ወይም ቦምብ ሊሆን ስለሚችል በዶማ መምታት ክልክል ነው፤ በእጅ ቀስ ብሎ መጥረግ፣ የሚያጠራጥር ቅርፅ ከታየ ቦታውን ለቆ ለጸጥታ አካል ማሳወቅ። ለዚህ ምክር ክፍያ አልጠየቁም። ለሥራቸው የጠየቁትም የመንገዳቸውን ወጪና የአንድ ቀን ድካማቸውን ያህል ነበር።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልን። የማኅበሩ እናቶች በተለይ አመስግኝልን ብለውኛል።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ለመስጠት ፈቅደውልኛል። ሐሰተኛ ቅጂ በገበያው ስለበዛ፣ ያገለገለ መሣሪያ ለመግዛት ያሰባችሁም ከመክፈላችሁ በፊት ብታሳዩዋቸው ይለዩላችኋል። የማዕድን ሥራ ፈቃድ ለሌለው ሰው አይሠሩም፤ ስለዚህ ፈቃዳችሁን፣ ባትሪው የተሞላ መሣሪያችሁንና ያሏችሁን ሳህኖች በሙሉ አዘጋጅታችሁ ጥሩዋቸው። ጠዋት ማለዳ፣ አፈሩ ሳይግል መጀመር ይወዳሉ።